በመጣችበት ቀን፦ የእርግዝና መከላከያና የሥነ ተዋልዶ ጤና አገልግሎትን ለሴቶች ለማቅረብ የሚረዳ መመሪያ

አንዲት ሴት የእርግዝና መከላከያ ለመውሰድ ወስና ከቤቷ የምትወጣበት ቀን በቀላሉ የሚገኝ ቀን አይደለም። ከሥራዋ አስፈቅዳ፣ ልጇን ለሰው አደራ ሰጥታ፣ አንዳንዴም የምትሄድበትን ደብቃ ነው የምትመጣው። ጤና ተቋሙ ደርሳ «የወር አበባሽ ሲመጣ ተመለሺ» ተብላ ከተሸኘች ያን ቀን ዳግም ማግኘቷ ያጠራጥራል፤ ከወራት በኋላ ስትመለስም ብዙ ጊዜ የምትገባው በቅድመ ወሊድ ክትትል ክፍል በር ነው። ይህ መመሪያ ጤና ተቋም ለሚመሩ፣ በቤተሰብ ዕቅድ ክፍል ለሚሠሩ አዋላጆችና ነርሶች እንዲሁም አገልግሎቱን ለሚደግፉ ሁሉ የተጻፈ ነው። መነሻውም አንድ ነው፤ ሴቲቱ በመጣችበት ቀን የመረጠችውን ይዛ መሄድ፣ በፈለገችበት ቀን ደግሞ ማቆም ወይም መቀየር መቻል አለባት።

መብቱ ከተጻፈ ብዙ ዓመት ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1968 ቴህራን ላይ የተካሄደው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብት ጉባኤ ወላጆች የልጆቻቸውን ቁጥርና አራርቆ የመውለዱን ጉዳይ በነፃነትና በኃላፊነት የመወሰን መብት እንዳላቸው አውጇል፤ በ1994 ካይሮ ላይ የተሰበሰቡት 179 አገሮችም የሥነ ተዋልዶ ጤና ለሁሉም እንዲዳረስ ተስማምተዋል። ይሁንና የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት በ2021 ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት 1.9 ቢሊዮን ሴቶች መካከል የቤተሰብ ዕቅድ የሚያስፈልጋቸው 1.1 ቢሊዮን ሲሆኑ፣ 164 ሚሊዮን የሚሆኑት እርግዝናን ማዘግየት ወይም ማስቀረት ፈልገው ምንም መከላከያ አይጠቀሙም ነበር። ከዚህ ቁጥር ውስጥ የመንግሥት በጀትና የሕግ ለውጥ የሚጠይቀው ክፍል ቀላል ባይሆንም፣ ከአንድ ክሊኒክ በር እስከ ምክር ክፍሉ ባለው መንገድ ላይ ሊስተካከል የሚችለው ብዙ ነው፤ እኔ የምጽፈውም ስለዚህኛው ነው።

ከበር እስከ ክፍል

ሥራው የሚጀምረው የተገልጋይዋን መንገድ ራስን በእርሷ ቦታ አድርጎ በመከተል ነው። አንድ ጠዋት ከመግቢያው በር ተነሥተው እርሷ በምታልፍበት ሁሉ ይለፉ፤ የት እንደምትቆም፣ ማን ምን ብሎ እንደሚጠይቃት፣ ማን እንደሚሰማት፣ በየቦታው ስንት ደቂቃ እንደምትጠብቅ ይጻፉ። ለስብሰባ ከሚቀርብ ሪፖርት ይልቅ ይህ አንድ ገጽ ማስታወሻ ብዙ ይናገራል።

ደጋግሜ ያየሁትን ላስቀምጥ። አንዲት ወጣት ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ትደርሳለች። መዝጋቢው ከመስታወቱ ጀርባ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ለምን ነበር የመጣሽው?» ይላታል። ዞር ብላ ከኋላዋ የተሰለፉትን ታያለች፤ ከእነርሱም አንዷ የጎረቤቷ ልጅ ልትሆን ትችላለች። ከዚያም «ራሴን ያመኛል» ትላለች። ካርዷ ወደ ተመላላሽ ሕክምና ክፍል ይላካል፤ እርሷም የራስ ምታት መድኃኒት ታዝዞላት ትሄዳለች። በመዝገቡ ላይ አንድ የራስ ምታት ታካሚ ተጨመረች እንጂ መከላከያ ፈልጋ ሳታገኝ የተመለሰች ሴት የለችም። ለዚህ መድኃኒቱ ገንዘብ አያስወጣም፤ መዝጋቢው የመጣችበትን ምክንያት መጠየቁን ትቶ የክፍሎቹን ቁጥር የያዘ ወረቀት ቢያሳያትና በጣቷ ብታመለክት፣ ወይም በሴቶች ጤና ስም አንድ የጋራ ካርድ ቢዘጋጅ ምስጢሯ ይጠበቃል። የምክር ክፍሉም በር የሚዘጋ፣ በመካከል ሌላ ሠራተኛ ዕቃ ፍለጋ የማይገባበት መሆን አለበት። ጥበቃው፣ ጽዳቱና መዝጋቢው ከነርሷ እኩል ስለ ምስጢር ሊሠለጥኑ ይገባል፤ ወሬ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከእነርሱ በኩል ነው፣ እነርሱም ለሥልጠና ሲጋበዙ እምብዛም አይታዩም።

«የወር አበባሽ ሲመጣ ተመለሺ»ን ማስቀረት

ይህ አባባል የሚመጣው እርጉዝ ለሆነች ሴት መከላከያ እንዳይሰጥ ከመስጋት ነው። ስጋቱ ተገቢ ቢሆንም መልሱ ሴቲቱን መመለስ አይደለም። እርግዝና አለመኖሩን በበቂ እርግጠኝነት ለማወቅ የሚያስችሉ ስድስት ጥያቄዎች አሉ፤ የላቦራቶሪ ምርመራ በሌለበት ቦታ እንኳ ይሠራሉ። ጥያቄዎቹም የመጨረሻው የወር አበባዋ የጀመረው ባለፉት 7 ቀናት ውስጥ ነው ወይ፣ ከወለደች ገና 4 ሳምንት አልሞላትም ወይ፣ ፅንስ ከወረዳት ወይም ካስወረደች ከ7 ቀን አላለፈም ወይ፣ ከመጨረሻው የወር አበባዋ ወዲህ የግብረ ሥጋ ግንኙነት አላደረገችም ወይ፣ አስተማማኝ መከላከያ በትክክልና ሳታቋርጥ ስትጠቀም ቆይታለች ወይ፣ እንዲሁም ከወለደች 6 ወር ሳይሞላ ልጇን ጡት ብቻ ወይም በአብዛኛው ጡት እያጠባች የወር አበባዋ አልተመለሰም ወይ የሚሉ ናቸው። ከእነዚህ ለአንዱ እንኳ «አዎ» ካለችና የእርግዝና ምልክት ከሌላት የመረጠችው ዘዴ በዚያው ቀን ሊሰጣት ይችላል። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን መከላከያ ወይም መርፌውን የወር አበባዋ ከጀመረ ከ7 ቀን በኋላ የምትጀምር ከሆነ ለቀጣዮቹ 7 ቀናት ኮንዶም እንድትጠቀም ይነገራታል፤ ኮንዶሙም በእጇ ይሰጣታል።

ሁሉንም «አይደለም» ካለች የሽንት ምርመራ ይደረግላታል። ምርመራው ጉዳዩን ካልለየ እንኳ ባዶ እጇን አትሄድም፤ ኮንዶም፣ ወይም የወር አበባዋ እንደመጣ የምትጀምረው እንክብል ይዛ ትሄዳለች። ጥያቄዎቹን በአንድ ገጽ ጽፎ ጠረጴዛው ላይ መለጠፍ አዲስ ባለሙያ በገባ ቁጥር አሠራሩ እንዳይጠፋ ይረዳል።

ለመርፌ ቀጠሮዋ አርፍዳ የመጣችም እንዲሁ ናት። በየሦስት ወሩ የሚሰጠው መርፌ ቀጠሮው ካለፈ እስከ 4 ሳምንት ድረስ ያለ ተጨማሪ ምርመራ ሊወጋ ይችላል፤ ከቀጠሮው 2 ሳምንት ቀደም ብሎም መስጠት ይቻላል። ይህን ባለማወቅ «ቀጠሮሽን አሳልፈሻል» ተብለው የሚመለሱ ሴቶች መኖራቸው ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም አርፍዳም ቢሆን መምጣቷ አገልግሎቱን አጥብቃ እንደምትፈልግ ማስረጃ ነውና።

የሚያስፈልገውን ምርመራ ከማያስፈልገው መለየት

ለእንክብል፣ ለመርፌና በክንድ ሥር ለሚቀበረው መከላከያ የማህፀን ምርመራ ግዴታ አይደለም፤ የደም ምርመራም አያስፈልግም። የማህፀን ምርመራ የሚያስፈልገው ማህፀን ውስጥ ለሚገባው መከላከያ፣ ለሉፕ ነው። ዕድሜ ማነስ፣ አለመውለድ ወይም አለማግባት በራሱ የትኛውንም ጊዜያዊ ዘዴ የሚከለክል የጤና ምክንያት አይደለም፤ ያልወለደች ሴት ሉፕ ልትጠቀም ትችላለች። ሕግ ካላስገደደ በቀር የባል ፈቃድ መጠየቅም ለሕክምናው የሚጨምረው ነገር የለም።

በአንጻሩ መጠየቅ ያለባቸው ነገሮች አሉ፤ እነርሱም ሲታለፉ ጉዳት ያመጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የመከላከያ ዘዴዎችን ከእያንዳንዱ የጤና ሁኔታ ጋር እያገናዘበ ከ1 እስከ 4 በደረጃ አስቀምጧል፤ 1 ያለ ገደብ መጠቀም የሚቻል ሲሆን 4 ፈጽሞ መጠቀም የማይገባ ማለት ነው። ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ያለበትን ጥምር እንክብል ከመስጠት በፊት የደም ግፊት ይለካል፤ 160 በ100ና ከዚያ በላይ ከሆነ አይሰጥም፣ ከ140 በ90 ጀምሮ ያለውም ሌላ ዘዴ እንዲመረጥ ያስገድዳል። ከራስ ምታት በፊት ብልጭታ ወይም የእይታ መዛባት የሚገጥማት፣ ዕድሜዋ 35 አልፎ ሲጋራ የምታጨስ፣ ወይም ከወለደች 6 ሳምንት ያልሞላት አጥቢ እናት ጥምር እንክብል መውሰድ የለባትም። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነውን ሪፋምፒሲን ወይም እንደ ካርባማዜፒንና ፊኒቶይን ያሉ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች የምትወስድ ሴት ደግሞ እንክብሉና በክንድ ሥር የሚቀበረው ኃይላቸው ሊቀንስባት ስለሚችል፣ መርፌውና መዳብ ያለው ሉፕ የተሻሉ አማራጮች እንደሆኑ ይነገራታል።

ምክር መስጠት ከማዳመጥ ይጀምራል

ሁሉንም ዘዴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ትንፋሽ የዘረዘረ ባለሙያ ሥራውን የሠራ ይመስለዋል፤ ሴቲቱ ግን ከሰማችው ጥቂቱን ብቻ ይዛ ትወጣለች። ይልቅስ በቅድሚያ ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ መቼ ልጅ ትፈልጋለች ወይስ ከእንግዲህ አትፈልግም፣ ከዚህ በፊት ምን ተጠቅማ ምን ገጠማት፣ ከምንም በላይ የምትፈራው ምንድን ነው? በሚቀጥለው ዓመት መውለድ የምትፈልግ ሴት መርፌው ከቆመ በኋላ እርግዝና ከሌሎቹ ዘዴዎች ይልቅ በአማካይ ወደ 4 ወር እንደሚዘገይ ማወቅ ይገባታል። መከላከያ መጠቀሟን ማንም እንዲያውቅባት የማትፈልግ ሴት ደግሞ የእንክብል ካርቶን ቤቷ ይዛ ለመግባት አትችልም፤ ለእርሷ መርፌው ሊመች ይችላል፣ የቀጠሮ ካርዷም እዚያው ተቋሙ ውስጥ ሊቀመጥላት ይገባል።

ስለ አስተማማኝነት ሲነገር ቁጥሩ ቢገለጽ ጥሩ ነው። በተለመደው አጠቃቀም በአንድ ዓመት ውስጥ ከ100 ሴቶች መካከል በወንድ ኮንዶም 13፣ በእንክብል 7፣ በመርፌ 4 የሚሆኑት ሲያረግዙ፣ በክንድ ሥር የሚቀበረውንና ሉፕ ከሚጠቀሙት አንድ እንኳ አይሞሉም። ልዩነቱ የሚመጣው በዋናነት ከመርሳትና ከማቋረጥ ነው። ይህ ማለት ግን ሁሉም ሴት በክንድ ሥር የሚቀበረውን ትውሰድ ማለት አይደለም፤ ከአባላዘር በሽታና ከኤችአይቪ የሚከላከለው ኮንዶም ብቻ በመሆኑ፣ ሁለቱን አጣምሮ መጠቀም ለብዙዎች ትክክለኛው ምርጫ ነው።

የደም መፍሰስ ለውጥ ግን በደንብ ሊነገር የሚገባው ጉዳይ ነው፤ ሴቶች መከላከያ ከሚያቋርጡባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ እርሱ ነውና። መርፌውና በክንድ ሥር የሚቀበረው የወር አበባን ሊያዛቡ፣ ሊያበዙ ወይም ጨርሶ ሊያስቀሩ ይችላሉ። የወር አበባዋ ሦስት ወር የቀረባት ሴት አስቀድሞ ካልተነገራት «ደሙ ሆዴ ውስጥ ተጠራቅሞ ነው» ብላ ትጨነቃለች፤ ለእህቷም ለጓደኛዋም ይህንኑ ትነግራለች። ደሙ የማይመጣው የማህፀን የውስጥ ሽፋን ስለሚሳሳና የሚወርድ ነገር ስለሌለ እንጂ ስለታመቀ እንዳልሆነ፣ ወደፊት መውለድንም እንደማይከለክል በግልጽ ቃል ይነገራት። ከተነገራት በኋላ «እስኪ የገባሽን ንገሪኝ» ብሎ መልሳ እንድትናገር መጋበዝ ምክሩ መድረሱን ያሳያል።

ማውጣትም አገልግሎት ነው

በክንድ ሥር መቅበርን የሠለጠነ ማንም ሰው ማውጣትንም መሠልጠን አለበት፤ የማውጫ መሣሪያና የማደንዘዣ መድኃኒት በሌለበት ቦታ መቅበር መጀመር የለበትም ብዬ አምናለሁ። አንድ ጊዜ ያገኘኋት ሴት የተቀበረላትን ለማስወጣት ሦስት ጊዜ ተመላልሳለች። በመጀመሪያው ቀን «ገና ጊዜው አልደረሰም» ተባለች፣ በሁለተኛው «የሚያወጣው ሰው የለም»፣ በሦስተኛው ደግሞ «ትንሽ ታገሺ፣ ይለመዳል» ተብላ ሄደች። በአራተኛው ወደ እኛ ስትመጣ ክንዷን ገልጣ ጠባሳውን እየነካካች ልታወጣው ራሷ ሞክራ እንደነበር ነገረችኝ። የሚያውቋት ሴቶች ሁሉ ይህን ሰምተዋል፤ ከዚያ በኋላ በዚያ አካባቢ መከላከያው በክንዷ እንዲቀበር የምትፈልግ ሴት ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ። በጠየቀች ቀን ቢወጣላት ኖሮ ስለ አገልግሎቱ በጎ ምስክር የምትሆነው እርሷ ራሷ ነበረች።

ስለዚህ ምክንያቷን እንድታስረዳ ሳትገደድ፣ ቀሪ ዓመታት ቢኖሩትም፣ ልታስወጣ የፈለገች ሴት እንዲወጣላት ይደረግ። በደም መፍሰሱ ብቻ ከሆነ የተቸገረችው በመድኃኒት ሊታገዝ እንደሚችል ይነገራት፤ ውሳኔው ግን የእርሷ ነው። የተቀበረው የመከላከያ ዘንግ በእጅ ዳሰሳ ካልተገኘ በዘፈቀደ ሥጋ መቁረጥ ክልክል ነው፤ ወደየትኛው ተቋም እንደሚላክ አስቀድሞ ሊታወቅ ይገባል።

ሴቶች አስቀድመው በሚመጡባቸው ክፍሎች ማግኘት

ከወሊድ በኋላ ስለሚወሰድ መከላከያ ምክር የሚሰጠው በቅድመ ወሊድ ክትትል ጊዜ እንጂ ምጥ ላይ ሆና አይደለም። አስቀድማ ከመረጠች ሉፕ በወለደች በ48 ሰዓት ውስጥ ሊገባላት ይችላል፤ ያ ካለፈ 4 ሳምንት እስኪሞላ ይጠበቃል። በክንድ ሥር የሚቀበረውን የምታጠባ እናትም ሳትቀር ከወሊድ በኋላ ወዲያውኑ መውሰድ ትችላለች። ጡት ማጥባት በራሱ የሚከላከለው ሦስቱ ሁኔታዎች አንድ ላይ ሲሟሉ ብቻ እንደሆነ መረሳት የለበትም፦ የወር አበባዋ አልተመለሰም፣ ቀንና ሌሊት ጡት ብቻ ወይም በአብዛኛው ጡት ታጠባለች፣ ሕፃኑም ከ6 ወር በታች ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ሌላ ዘዴ መተካት አለበት። የክትባት ክፍል ለዚህ ምቹ ነው፤ ሕፃኑን ያስከተበችውን እናት ያኔውኑ ጠይቆ ወደ ጎን ካለው ክፍል መውሰድ ሌላ ቀን ከመቅጠር የተሻለ ነው።

ፅንስ የወረዳት ወይም ያስወረደች ሴት በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። ስለዚህ ከሕክምናው ክፍል ሳትወጣ፣ ያለ ወቀሳ፣ የምትፈልገው ይጠየቃል፤ ኢንፌክሽን ከሌለ ሉፕን ጨምሮ ሁሉም ዘዴ በዚያው ቀን ሊጀመር ይችላል። የተደፈረች ሴት ስትመጣ ደግሞ ሰዓት ይቆጠራል፤ ድንገተኛ መከላከያ እንክብል በቶሎ በተወሰደ መጠን ይበልጥ ይሠራል፣ እስከ 5 ቀንም ሊሰጥ ይችላል፤ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት ግን በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ሁለቱ መድኃኒቶች ቁልፉ በአንድ ሰው ኪስ ባለ ቁምሳጥን ውስጥ ከተቀመጡ ለሌሊት እንግዳ አልተዘጋጁም ማለት ነው።

ለመከላከያ የመጣችው ሴት በተመሳሳይ ቀን የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራም ልታገኝ ይገባል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ድረስ 70 በመቶ ሴቶች በ35 ዓመታቸውና እንደገና በ45 ዓመታቸው እንዲመረመሩ ግብ ጥሏል። ምርመራው ግን መከላከያ ለማግኘት ቅድመ ሁኔታ መሆን የለበትም፤ «መጀመሪያ ተመርመሪ» ከተባለች አንዱን ፍለጋ መጥታ ሁለቱንም ታጣለች።

አቅርቦትና ርቀት

መከላከያው በመደርደሪያ ላይ መኖሩ ብቻ አገልግሎት አይሆንም። በክንድ የሚቀበረው ኖሮ ማደንዘዣ ወይም ንጹሕ ጓንት ከሌለ፣ ሉፑ ኖሮ ማስገቢያው መሣሪያ ካልተቀቀለ አገልግሎቱ የለም። ስለዚህ ሲቆጠር ለአንድ ተገልጋይ የሚያስፈልገው ሁሉ በአንድ ላይ ይቆጠር፤ ቀድሞ ጊዜው የሚያልፍበትም ቀድሞ ይውጣ። እንክብል የመረጠችና የለመደችው ሴት በየወሩ እንድትመላለስ የሚያስገድድ የጤና ምክንያት የለም፤ እስከ አንድ ዓመት የሚበቃት ሊሰጣት ይችላል። ከቆዳ ሥር የሚሰጠውን መርፌም ሴቶች ተምረው ራሳቸው እንዲወጉ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የራስ እንክብካቤ መመሪያ ደግፏል፤ ከሠለጠነች በኋላ ጥቂት መርፌዎች ይዛ መሄድ ለምትችል፣ ተቋሙም ለሚርቃት ሴት ትልቅ እፎይታ ነው።

ለወጣቶችና ለሠራተኞች የአገልግሎት ሰዓትን ማራዘም፣ መስማት ለተሳናት ሴት በምልክት ቋንቋ የሚያስተረጉም ሰው አስቀድሞ ማወቅ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለምትመጣ ዝቅ የሚል አልጋ ማዘጋጀት ዋጋቸው አነስተኛ ሆኖ ጥቅማቸው ሰፊ ነው። አስተርጓሚው የቤተሰቧ አባል እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል፤ ልትነግረው የማትፈልገው ሰው እርሱ ሊሆን ይችላልና።

ምን ይቆጠራል?

አዲስ ተጠቃሚ ስንት እንደሆነ ብቻ የሚቆጥር መዝገብ ባለሙያውን ወደ ግፊት ይመራዋል፤ ለየዘዴው የሚጣል ኮታም እንዲሁ ነው፣ የተጣለ ካለ ይነሣ። በምትኩ ከክፍሉ የምትወጣ ሴት አራት ጥያቄ ትጠየቅ፦ ስለ ሌሎች ዘዴዎች ተነግሮሻል፣ ስለ ጎንዮሽ ጉዳት ተነግሮሻል፣ ጉዳቱ ቢከሰት ምን እንደምታደርጊ ታውቂያለሽ፣ ካልተስማማሽ መቀየር እንደምትችዪ ተነግሮሻል? ጠያቂዋም ምክሩን የሰጠችው ነርስ ራሷ መሆን የለባትም።

ከዚህ ሌላ አንድ ደብተር ይከፈት። በዚያ ቀን ፈልጋ የመጣችውን ሳታገኝ የሄደች እያንዳንዷ ሴት ያለ ስሟ፣ በቀኑና በምክንያቱ ብቻ ትጻፍበት፤ «ማደንዘዣ የለም»፣ «አውጪ ባለሙያ በዕረፍት ላይ»፣ «ወረፋ ረዝሞ ሄደች»። ደብተሩ በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ተቋሙን በሚመራው ሰው ፊት ይነበብ፤ ከእያንዳንዱ ምክንያት አጠገብም የሚያስተካክለው ሰው ስምና የሚያስተካክልበት ቀን ይጻፍ።